ፊቴን ወደ መስኮት

ኅዳር ነው፤ ውርጭ የባቄላ ቅጠል የሚያጠቁርበት፣
ደብረ ብርሃን ላይ እስትንፋስ እንደ ጭስ የሚታይበት።
ክፍል ዐሥራ አራት በር ላይ አዲስ ገቢዎች ተሰልፈዋል፣
እጃቸው ብብታቸው ውስጥ፣ ፎርሙን በጥርሳቸው ነክሰዋል።
ከሸዋ ሮቢት የመጣው በነጠላ ጫማ ይንቀጠቀጣል፣
የመንዙ ልጅ ከኋላው፣ «ብርድ ነው እንዴ ይሄ?» ይላል።

እኔ የቤተ ሙከራው ሰው ነኝ፤ አካውንት እከፍታለሁ፣
አባት ዓርባ ቀን አስቦ ያወጣውን በስምንት ፊደል አሳጥራለሁ።
«የኋላእሸት» ያለው አባት ስንት ተስፋ ዘርቶ ነው፣
ማሽኑ እሸቱን በላበት፤ የኋላ ብቻ ቀረው።
ሁለት ትርንጎ መጡ አንድ ቀን፤ ስም አይደገምም ብዬ
አንዷን «ትርንጎ ሁለት» አልኳት፤ ሳቀች፤ «ጉሊት አወጣኸኝ ጋሽዬ!»

«አሁን የይለፍ ቃል» እላለሁ፤ «ለማንም የማይነገር፣
ለዶርም ጓደኛ የማይሰጥ፣ ደብተር ላይ የማይሰፍር፤
ትልቅ ፊደል ከትንሽ ጋር፣ ቁጥርም ይግባበት መሀል።»
«በእኛስ ፊደል» አለኝ አንዱ፣ «ትልቅና ትንሽ የታል?»
ልክ ነው። ሀ ከሀ አይበልጥም። መልስ የለኝም።
«እዚህ ግን ይበልጣል» አልኩት፤ አልገፋሁበትም።

ከአንጾኪያ የመጣች፣ ወርቅያንጥፉ፣ ዝምተኛ፣
ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ፣ እንዳይሰማ ተረኛ፦
«የክርስትና ስም ይሆናል? እናቴ የደበቀችው፣
መተት እንዳይሠራብሽ ብላ፣
ከንስሐ አባታችን በቀር ሰው ጆሮ ያላደረሰችው።»
አሰብኩ። ከዚህ የጠበቀ ቁልፍ መሥራት ማን ያውቃል?
«ቁጥር ጨምሪበት» አልኳት፣ «ይሆናል።»

ሲጽፉ ፊቴን ወደ መስኮት አዞራለሁ።
ያዘዘኝ የለም፤ ደንብ ላይም አልተጻፈም፤ ብቻ አዞራለሁ።
የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ጭስ፣ የባሕር ዛፉን ሰልፍ፣
ከበሬሳ ማዶ አህያ ገብስ ተጭና ስታልፍ
አያለሁ። ከኋላዬ ጣት ፊደል ሲፈልግ ይሰማኛል፣
ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ ጠቅ... ቆይቶ ጠቅ ይላል።
ማያው ላይ የሚወጣው ኮከብ ብቻ ነው፤
ስምንት፣ ዘጠኝ ኮከብ፤ ከሥሩ ያለውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

የመጀመሪያ ደብዳቤያቸውን ለእኔ ይጽፋሉ፣ ሌላ አድራሻ አያውቁማ፤
«ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?» ይላል፤
ላኪው ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው እኮ፣ ሳሉ እስከ እኔ የሚሰማ።

ጥር ላይ የረሱት ይመጣሉ። አንዱ ግን አልረሳም፤
«ቀይርልኝ» አለ፣ «የእሷ ስም ነበር፤ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት አልጠራትም።»
መብራት ሲሄድ የሦስት ቀን ሥራው የጠፋበት
ማሽኑን በጥፊ መታው፤ እኔም አልተቆጣሁት።

ሐምሌ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ግቢው ጭር ሲል፣
የተመረቁትን አጠፋለሁ፣ ለመጪው ቦታ እንዲኖር ስል።
የኋላ ጠፋ። ትርንጎ ሁለት ጠፋች።
የክርስትና ስሟን ይዛ ወርቅያንጥፉ ወጣች።

አንድ ይቀራል፦ አቅናው ሽብሩ። ከሞላሌ ነው።
ፎርሙን የሞላበት ጽሕፈት እንደ ትልም ቀጥ ያለ ነው።
«የመጨረሻ የገባበት ቀን» ከሚለው ፊት ባዶ።
የሰጠሁት ጊዜያዊ ቃል ማንም ሳይከፍተው፣ ተጋርዶ።
«መተሐራ ለሸንኮራ ቆረጣ ወረደ» አለኝ አንዱ፣
ሌላው «አባቱ ታመው ነው»፤ ማን ያውቃል የቱ እንደሆነ መንገዱ።

አራተኛ ሐምሌው ነው። ማሽኑ ይጠይቀኛል፦
ይጥፋ? አዎ። አይ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።
ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም፤ አውቃለሁ።

ፊቴን ወደ መስኮት አዞራለሁ።